የዳታቤዝ ገበና ወረቀት ላይ

(ሐዋሳ ላይ ለወጣት ፕሮግራመሮች፣ ለዲዛይነሮችና ለማተሚያ ቤት ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ለኔ የሰጣችሁኝ በክፋት ይሁን በፍቅር አላውቅም። ግማሾቻችሁ አሞራ ገደል ዓሣ በልታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እኔም ከዚያው ነኝ። ዓሣ የበላ ሰው ደግሞ ቶሎ ያንቀላፋል። ስለዚህ በወሬ ልጀምር፤ ቴክኒኩ ኋላ ይደርሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመራቂ ተማሪዎች የምረቃ መጽሔት እንድንሠራላቸው መጡ። ከየት እንደመጡ አልናገርም፤ ጥፋቱም የኛ ነበር። የምረቃ መጽሔት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፎቶ አለ፣ ሙሉ ስም አለ፣ ትምህርት ክፍል አለ፣ ከስር ደግሞ «ላስት ወርድ»። አንዱ እናቱን ያመሰግናል፤ ሌላው የካፌውን ሽሮ በእንባ ይሰናበታል።

ልጆቹ መረጃቸውን የሞሉት ድረ ገጽ ላይ ባለ ቅጽ ነው። ስሙም፣ ፎቶውም፣ ላስት ወርዱም ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ግን ምን አደረግን? ዳታውን ወደ ኤክሴል አወጣነው። ፎቶዎቹን ለብቻቸው ፎልደር ውስጥ አወረድናቸው። ከዚያ ሁለት ዲዛይነሮች ሌሊቱን በቡና እየተደገፉ ኮፒ ፔስት ገቡ። ስም ኮፒ፣ ስም ፔስት። ፎቶ ጎትቶ ማስገባት። ደግሞ ስም ኮፒ።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ዲዛይነር ኤክሴሉን በፊደል ተራ አሰለፈው። አሳቢ ልጅ ነው፤ ለማሳመር ብሎ ነው። ፎልደሩ ግን በምዝገባ ተራ እንደነበረ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ገጾች ላይ ፎቶና ስም ተዛነፉ። የወንድ ፎቶ በሴት ስም ላይ ሲወጣ ቶሎ ይታያል፤ እነዚያን አረምናቸው። አንድ ገጽ ግን አመለጠን። ሁለት ሴት ልጆች ፎቶ ተለዋወጡ።

የአንደኛዋ እናት ለምረቃው ከገጠር መጥተዋል። ማንበብ አይችሉም። መጽሔቱን ገልጠው የልጃቸውን ፎቶ አገኙ፤ ደስ አላቸው። አጠገባቸው ያለውን ሰው «እስቲ ስሟን አንብብልኝ» አሉት። አነበበላቸው። የሌላ ሰው ስም ነበር።

ድረ ገጽ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል፤ ማንም ሳያውቅ። መጽሔቱ ግን ታትሟል፣ ተጠርዟል፣ ተከፋፍሏል። ስቲከር አሳትመን ያገኘነውን ቅጂ ሁሉ እየዞርን ለጠፍን። ስቲከር የተለጠፈበት የምረቃ መጽሔት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዩ።

ያኔ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ዳታውን ከዳታቤዝ ባወጣንበት ደቂቃ መረጃው ሁለት ሆነ። አንዱ ዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ አንዱ ኤክሴሉ ውስጥ። ዲዛይን ውስጥ ሲገባ ሦስት ሆነ። ተማሪዋ ስሟን ድረ ገጹ ላይ ብታስተካክል መጽሔቱ አይሰማም። ዲዛይነሩ መጽሔቱ ላይ ቢያርም ዳታቤዙ አይሰማም። ሁሉም የየራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ስለዚህ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። ገጹን የሰው እጅ አይንካው። ስህተት ከተገኘ ዳታቤዙ ላይ ይታረምና መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ይውጣ። አንድ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ለማተሚያ ቤት የሚሆን አንድ ፒዲኤፍ ትቀበላላችሁ። ይሄው ነው።

ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ዳታቤዙ የደበቀው ገበና ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ድረ ገጽ ገበና ይሸፍናል። ሰው አንድ ስም ፈልጎ፣ አንድ ገጽ አይቶ፣ ይሄዳል። መጽሐፍ ግን ሺውንም መዝገብ ጎን ለጎን አስጥቶ ያሳያል፤ እንደ ገበያ ቀን በርበሬ።

መንገዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳታቤዙ መዝገቡን ይሰጣል። ቴምፕሌቱ «ስም እዚህ፣ ፎቶ እዚያ» ይላል። የናንተ ኮድ ሁለቱን አጋብቶ አንድ ረጅም ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚጻፍበት ዓይነት ፋይል፣ ያወጣል። በመጨረሻ ገጽ የሚሠራው ፕሮግራም ያንን ረጅም ነገር በወረቀት ልክ ቆራርጦ ፒዲኤፍ ያደርገዋል።

አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ዶናልድ ክኑት የተባለው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ የራሱ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ለእርማት ሲመጣለት ፊደሉ አስቀያሚ ሆኖበት ተናደደ። ተናዶም አልቀረ፤ ቴክ የሚባለውን የገጽ አቀናባሪ ፕሮግራም ጻፈ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ፤ እስከዛሬ ይሠራል። ንዴት እንዲህ ሲጠቅም ደስ ይላል። ፒዲኤፍ ራሱ በ1993 አዶቤ ያወጣው ነው፤ በ2008 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነ። በ2001 ደግሞ የድረ ገጽ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ ኤክስኤስኤል ኤፍኦ የሚባል ቋንቋ አጸደቀ። መዝገብን ወደ ገጽ ለመቀየር የታሰበ ነው። አፓቼ ፎፕ የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይሠራበታል። ከባድ ነው፤ ግን እንደ አሮጌ ላንድክሩዘር አይሞትም።

ዛሬ አብዛኞቻችን የምንሠራው በሲኤስኤስ ነው። ድረ ገጹን የምታሳምሩበት ያው ሲኤስኤስ ለወረቀትም ሕግ አለው። የገጹን ስፋት፣ ህዳጉን፣ ከላይ የሚደጋገመውን ርዕስ፣ የገጽ ቁጥሩን ትነግሩታላችሁ። የትኛውን ፕሮግራም ልጠቀም ካላችሁኝ፣ ቀላል ነገር ከሆነ ክሮም ብሮውዘርን ያለ መስኮት አስነስታችሁ ፒዲኤፍ አውጡ። መጽሐፍ ከሆነ ዊዚፕሪንት አለ፤ ነፃ ነው፣ በፓይተን ይሠራል። ፕሪንስ የሚባለው ጎበዝ ነው፤ ግን ለንግድ ሥራ ይከፈልበታል፣ ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሬ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ሕመሙን ታውቁታላችሁ። ከድሮ ሥራዎች ላይ ደብልዩኬ ኤችቲኤምኤል ቱ ፒዲኤፍ የሚባለውን ካገኛችሁ ግን ለአዲስ ሥራ አትጀምሩበት። ጥገናው ቆሟል። ስሙም ቢሆን አንድ መስመር አይበቃውም።

ወረቀትና ስክሪን የሚለያዩበት ትልቁ ነገር ወረቀት ማለቁ ነው። ስክሪን ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል። ወረቀት 297 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል። አልቆም ፎቶው በዚህ ገጽ ግርጌ፣ ስሙ በሚቀጥለው ገጽ አናት ቢወድቅ ምን ልትሉ ነው? «ይሄንን ሣጥን መሃሉ ላይ አትቁረጥ» የሚል ሕግ አለ። እሱን መጻፍ የረሳ ሰው መጽሔቱ ላይ አንገት የሌለው ተመራቂ ያገኛል። አግኝተናል።

ሊንክም እንዲሁ። ድረ ገጽ ላይ «እዚህ ይጫኑ» ትላላችሁ። ወረቀት ላይ በጣቱ የሚጫን አንባቢ እንዳይኖራችሁ። በቦታው ወይ «ገጽ 47ን ይመልከቱ» ብሎ ቁጥሩን ፕሮግራሙ ራሱ ይሙላው፤ ወይ ኪውአር ኮድ ይግባ። ማውጫውም እንዲሁ በራሱ ይሞላል። ማውጫ በእጅ የሞላ ሰው አንድ ገጽ ሲጨመርበት ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ወደድኩት ክፍል መጣሁ። አማርኛ።

ከከተማችን እንጀምር። አንድ ሥራ ላይ «ከተማ» የሚለውን ዓምድ ከፍቼ ምን አገኘሁ መሰላችሁ? «ሐዋሳ» አለ። «ሀዋሳ» አለ። «አዋሳ» አለ። «ሃዋሳ»ም አለ። አንድ ሐይቅ፣ አራት ከተማ። ድረ ገጹ ላይ ማንም አላየውም። መጽሐፉ በከተማ ሲከፋፈል ግን አራት ምዕራፍ ወጣ። የከተማ ስም ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰው እንዲጽፍ አትፍቀዱለት፣ ከዝርዝር ይምረጥ።

የሰው ስም ግን እንደዚያ አይሆንም። ኃይሉ የሚባሉ ሦስት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በብዙኃኑ ኀ ጽፈውታል። ኮምፒዩተር በዩኒኮድ ተራ፣ ማለትም ለየፊደሉ በተሰጠው ዓለም አቀፍ ቁጥር፣ ሲያሰልፋቸው አንዱ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይሆናል፣ አንዱ ከለ ቀጥሎ ይመጣል፣ ሦስተኛው ከተ እና ቸ በኋላ መሃል ላይ ይወድቃል። መጽሐፉ የስልክ ማውጫ ቢሆን ስልክ ፈላጊው የቱ ጋ ይፈልግ? ለዓለሙና ለአለሙ፣ ለሠናይትና ለሰናይት፣ ለፀሐይና ለጸሀይም ያው ነው።

ብዙ ልጆች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት አለ። «ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ልቀይር» ይላሉ። ተዉ! የሰው ስም የሰው ነው። አባቱ በኃ ካወጡለት በኃ ይታተማል። እኛ የምናደርገው ሌላ የተደበቀ ዓምድ መጨመር ነው። እዚያ ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ዘመዶቻቸው ወደ አንድ ይጠቀለላሉ፤ አ እና ዐም፣ ሰ እና ሠም፣ ጸ እና ፀም። ማሰለፍና መፈለግ በተደበቀው ዓምድ ይሆናል። ማተም ባለቤቱ በጻፈው።

ከውጭ የመጣ ቴምፕሌት ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «የቤተሰብ ስም» ይላችኋል፤ ሰውን በሱ ያሰልፋል። እኛ ጋ የመጨረሻው ስም የአያት ነው። ስለዚህ ሰውየው በአያቱ ስም ይፈለጋል ማለት ነው። አያቱን የማያውቅ ጓደኛው መቼም አያገኘውም። የኛ ሰልፍ በራስ ስም ይጀምራል፣ ቀጥሎ አባት፣ ቀጥሎ አያት። ስለ አያት ካነሳን፣ የአያት ስም ሳይሞላ የቀረ አንድ ልጅ ነበር። ዳታቤዝ ባዶን ቦታ «ኑል» ይለዋል፤ ኮዱም እንዳለ አተመው። ለእርማት በወጣው ገጽ ላይ ልጁ «ኑል» የሚባል አያት አገኘ። ጓደኞቹ እስከዛሬ ኑል ነው የሚሉት አሉ።

ነጥቦቹስ? አራት ነጥብ አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። አንዳንዱ የፈረንጁን ኮለን ሁለቴ ይደረድራል። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የባሰው ደግሞ ከአራት ነጥቡ በፊት ክፍተት የሚተው ሰው ነው። መስመሩ ሲሞላ ቃሉ ከላይ ይቀራል፣ አራት ነጥቡ ብቻውን የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይቆማል። እንግዳ ቤት ውስጥ ማንም እንዳልጠራው ሰው። ይሄንን ጽሑፉ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ በኮድ አስተካክሉት፤ ገጹ ላይ አትጠብቁት።

መስመርን ግራና ቀኝ እኩል ማድረግ የሚወድ ዲዛይነር አለ። በእንግሊዝኛ ያምራል፤ ረጅም ቃል ሲመጣ በሰረዝ ተቆርጦ ይወርዳል። የአማርኛ ቃል ግን በቅድመ ቅጥያና በድህረ ቅጥያ ይረዝማል፤ «እንደማያስፈልጋቸውም» ብላችሁ አስቡት። የብራና ጸሐፊዎች ቃሉን የትም ቦታ ቆርጠው፣ ያለ ሰረዝ፣ ወደ ታች ያወርዱት ነበር። የዛሬ አንባቢ ግን ይሄንን አልለመደም። ስለዚህ በጠባብ ዓምድ ላይ እኩል አድርጉ ስትሉት ቃላቱ መሃል ባጃጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። በጠባብ ዓምድ ግራውን ብቻ አስተካክሉ፤ ቀኙ እንደፈለገ ይሁን።

ፎንት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን በፓወር ግዕዝና በመሰል ፎንቶች በድሮው አሠራር የተጻፈው ብዙ ነገር፣ ከውስጡ ሲታይ የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ ሲለብስ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱን ስታወልቁት ትርምስምስ ይላል። ከድሮ የዎርድ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ዳታቤዝ ውስጥ ከከተታችሁ የገባው ትርምስምሱ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው።

ሌላው፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያማረው ሰርቨሩ ላይ፣ ፒዲኤፉን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ላይ፣ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ሰርቨሩ የአማርኛ ፎንት የለውማ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ጫኑበት፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። አቢሲኒካ ለንባብ ውብ ነው፤ ደማቅ ቅርጽ ግን የለውም። «ደማቅ አድርግ» ስትሉት ፕሮግራሙ ፊደሉን አወፍሮ ያስመስላል፣ በትንሽ መጠን ላይ የጬና የሿ ቀዳዳ ይደፈናል። ደማቅ ርዕስ ካስፈለጋችሁ ኖቶ ይሻላል። ኢሞጂም አትርሱ። ላስት ወርድ ያለ ኢሞጂ የሚጽፍ ተመራቂ እስካሁን አላየሁም። በጥቁር ብቻ የተሣለ የኢሞጂ ፎንት አለ፤ እሱን አስገቡ። አለበለዚያ የልጁ ፍቅር ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታተማል።

ቀን ደግሞ። ዳታቤዝ ቀንን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ነው፤ እዚያው ይቆይ። ሲታተም ግን ወደኛ ይቀየር። እንዴት? «ስምንት ልቀንስ» የሚል ፕሮግራመር አውቃለሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት እንደሆነ ረስቶ ነው። «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» የሚልም አለ። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 የተወለደች ልጅ ልደቷ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ነው፤ ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረችው። የሱ ኮድ ግን የአዲስ ዓመት ልጅ ያደርጋታል። ይሄንን ስሌት ራሳችሁ አትጻፉ። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያለው ኢንትል (Intl) የሚባል መሣሪያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ እሱን ጠይቁት። ሰዓትም እንዲሁ፤ መርሐ ግብሩ ላይ በፈረንጅ ሰዓት 8፡30 ተብሎ የታተመ የጠዋት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ግማሹን እንግዳ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያመጣው።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ጎን ለጎን ማተም የተለመደ ነው፤ ሲዳሙ አፎ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ አንዳንዴ እንግሊዝኛ። ነጋሪት ጋዜጣ ያነበበ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው፣ አንቀጽ ከአንቀጽ ትይዩ ነው። ይሄ ለዳታቤዝ የተፈጠረ ነገር ነው። አንዱ አንቀጽ አንድ ረድፍ፣ ቋንቋዎቹ ደግሞ የየራሳቸው ዓምድ ይሁኑ። በግዕዝ አንድ ፊደል የሚይዘውን ድምፅ ላቲኑ በሁለትና በሦስት ፊደል ስለሚጽፈው ያኛው ዓምድ ይረዝማል። ስለዚህ ዓምዶቹን እኩል ስፋት አትስጧቸው፤ ለላቲኑ ትንሽ ጨመር አድርጉለት።

ለማተሚያ ቤት ሰዎች የሚሆን ነገር ቶሎ ልበል፤ እነሱ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ብሮውዘር የሚያወጣው ፒዲኤፍ ቀለሙ አርጂቢ ነው፤ የስክሪን ቀለም። ኦፍሴት ማሽን የሚያትመው በአራት ቀለም ነው። ዝም ብላችሁ ስትቀይሩት ጥቁሩ ጽሑፍ የአራቱ ቀለም ድብልቅ ይሆናል። ፕሌቶቹ፣ የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች፣ በፀጉር ስፋት ቢዛነፉ ፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም ወይም ፎቶ ካለ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፤ መቁረጫው ትንሽ ቢስት ነጭ ክር እንዳይታይ። ፎንቶቹ በሙሉ ፒዲኤፉ ውስጥ ይግቡ።

ፎቶ ላይ ግን ልቁም፤ ብዙ የተበላሸው እዚያ ነው። ለጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተመራቂ ፎቶ ወደ 470 ፒክስል ይፈልጋል ማለት ነው። ሙሉ ገጽ ኤ4 ከሆነ ደግሞ 2480። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ እንደ ፋይል ይላክ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅጹ ራሱ ልኩን አይቶ «ይሄ ፎቶ ትንሽ ነው፤ ሌላ አምጣ» እንዲል ማድረግ ነው። ተማሪው ገና ግቢ ውስጥ እያለ ይነገረው። ማተሚያ ቤት ከደረሰ በኋላ ማንን ትፈልጋላችሁ?

የገጽ ብዛትም አለ። በስቴፕል የሚጠረዝ መጽሔት ገጹ ለአራት መካፈል አለበት። ኮዱ 61 ገጽ ካወጣ 64 ይሁን፤ ሦስቱን «ለፊርማና ለማስታወሻ» ብላችሁ ስጧቸው። ተማሪዎች ይሄንን ገጽ ከሁሉ በላይ ይወዱታል፤ ሆን ብለን ያደረግነው ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ቴክኒኩ ሁሉ ተሠርቶ፣ ሁሉም አምሮ፣ ማተሚያ ቤቱ ፕሌት ሊያወጣ ሲል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። ትልቅ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ አንድ ፊደል ብቻ ናት። ፒዲኤፉ ላይ አስተካክላትና ይታተም።» አንድ ፊደል ብቻ! እሺ አልን። አስተካከልን። ታተመ። ከወር በኋላ ተጨማሪ ቅጂ ተፈለገ። ሌላ ልጅ ትእዛዙን ሰጠ፣ መጽሐፉ ከዳታቤዙ እንደ አዲስ ወጣ፣ ስህተቷ ተመልሳ መጣች። ስልኩም ተመልሶ መጣ። «አርሜዋለሁ አላልከኝም ነበር?» ምን ልበል?

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አበጀን። ለእርማት የሚወጣው ቅጂ ላይ ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጎን ትንሽ የመዝገብ ቁጥር ይታተማል። አራሚው በእስኪርቢቶ ያርማል፤ ዳታ የሚያስገባው ሰው ቁጥሩን አይቶ ዳታቤዙ ላይ ያስተካክላል። የመጨረሻው ቅጂ ሲወጣ ቁጥሩ ይጠፋል። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ዳታቤዙን ቅጂ አንስተን እናስቀምጣለን፤ ድረ ገጹ መለወጡን ይቀጥል፣ መጽሐፉ የሚወጣው ከዚያ ቅጂ ነው። ሽፋኑ ውስጥ የቅጂው ቀን በትንሹ ይታተማል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ከመጣ መልሳችን አንድ ነው፦ «ዳታቤዙ ላይ አርመን እንደገና እናውጣው፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁኝ።» ፒዲኤፉን በእጅ ከመነካካት የሚረዝም ጊዜም አይደለም።

ጥያቄ ነበር። አንዲት ዲዛይነር ተነስታ «ሁሉን ኮድ ከሠራው እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። እሷ የምትሠራው አንዱን ገጽ ነው፤ ያ ገጽ ግን ለሁሉም ሰው ልብስ ሆኖ መዋል አለበት። ለዚህ ስል ለዲዛይነሮቻችን የምሰጣቸው የሚያምሩትን መዝገቦች አይደለም። ረጅሙን ስም፣ ፎቶ የሌለውን ልጅ፣ ላስት ወርዱን ሙሉ ገጽ የጻፈውን፣ በሦስት ቃል የጨረሰውን፣ ሃያ ኢሞጂ የደረደረውን ነው። እነዚህን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይሠራሉ። ገጹ ለነሱ ካማረ ለሌላው አይቸግርም።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቁኝ አንጋፋ የማተሚያ ቤት ሰው ናቸው። ከኋላ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። «ልጄ፣ እንዲህ ከሠራችሁ ወዲህ ፎቶና ስም ተዛንፎ ያውቃል?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ልጁ ራሱ ቅጹ ላይ የጓደኛውን ፎቶ ጭኖ ነበር። ለቀልድ ነው አለን። በአራት ቀለም፣ በ300 ነጥብ፣ ጥርት አድርገን አትመንለታል።